ለአንድ ፊልም የወጣ የቁም ተዝካር

ተዋናይ አቤኔዘር የሞተ ጊዜ የጀሞ ሦስት ሠፈር ሰው ለቅሶ የደረሰው ቆሎና ትራስ ይዞ ነበር። ነጠላው እንደ ወጉ ተዘቅዝቋል፤ ፊቱም እንደ ወጉ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ግን የሟችን ልጆች አልፎ ከድንኳኑ ጀርባ የተወጠረውን ነጭ ሸራ ይፈልጋል። «እግዜር ያጽናችሁ» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ «ስንት ሰዓት ይጀመራል?» ይላል። የሟች የበኩር ልጅ ሐዘን ይቀመጥ ሲኒማ ቤት ይክፈት ግራ ገብቶት ነበር።

ሕዝቡም አይፈረድበትም። በእድሳት አዋጁ መሠረት ማንኛውም ፊልም፣ ዘፈንም ጭምር፣ በየሰባት ዓመቱ መታደስ አለበት። የሚያድሱትም የሠሩት ሰዎችና ፊታቸው በውስጡ የታየ ሁሉ ናቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአካል፣ በአንድ መስኮት ፊት። አንዱ ከሞተ፣ አንዱ ካኮረፈ፣ አንዱ አገር ጥሎ ከሄደ ፊልሙ አይታደስም። ያልታደሰ ፊልም ደግሞ ይጠበቃል። የብሔራዊ ምስል ጥበቃ ባለሥልጣን ወስዶ ከኮረብታ ሥር በተቆፈረ ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ያኖረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማየቱም፣ ማሳየቱም፣ ታሪኩን መተረኩም፣ ቀልዱን መድገሙም ክልክል ነው። ባለሥልጣኑ በየዓመቱ ከረባቱን አስተካክሎ መግለጫ ይሰጣል፤ አገሪቱ ፊልም በመጠበቅ ከአህጉሩ ቀዳሚ ናት ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ይህን መግለጫ ቢሰማ በተረቱ ባፈረ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ፀጉር ቤት መስታወት ጥግ የባለሥልጣኑ ማዳመጫ መሣሪያ፣ ግራጫ ጆሮ፣ ተለጥፏል። ሰው ረስቶ ያልታደሰ ቀልድ ሲጀምር ጆሮው ጢጥ ይላል፤ ሰውየውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ፣ ያልታደሰ ነው» ይልና ዝም ይላል። ሕፃናት ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚለምዱት አረፍተ ነገር ይኸው ሆኗል። ሠርግ ላይ የሚዘፈን የታደሰ ዘፈን አንድ ብቻ ስለቀረ ሙሽሮቹ ሲገቡም፣ ኬክ ሲቆርሱም፣ ሲሸኙም እሱው ነው። ዘፈኑ የተረፈው ባለቤቶቹ የሚዋደዱ ወንድማማቾች ስለሆኑ ነው። ሁለቱ የተጣሉ ቀን አገሩ በጭብጨባ ብቻ ሊዳር ነው።

አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሁሉን ደፍረው ለቅሶን ግን አልደፈሩም፤ እነሱም ዕድር አላቸው። ስለዚህ ለለቅሶና ለተዝካር ሲባል፣ ሟች የታየበት ፊልም ሦስት ቀን ከዋሻው ወጥቶ በድንኳን ውስጥ እንዲታይ ፈቀዱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአገሪቱ ፊልም የሚታየው ሰው ሲሞት ነው። ጥሩ ተዋናይ የታመመ እንደሆነ ሰው ይጸልያል፤ የሚጸልየው ግን ለምን እንደሆነ እግዜር ብቻ ያውቃል።

አቤኔዘር ሾፌሩን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም «አራተኛው ጎማ» ይባላል። አንድ ሾፌርና ረዳቱ የተሰረቀባቸውን የታክሲ ጎማ ፍለጋ ሠፈር ለሠፈር ሲንከራተቱ የሚያሳይ ነው። ጥሩ ፊልም ነው ማለት ይከብዳል። ድምፁና አፉ አይገጣጠምም፤ ረዳቱም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ይለውጣል። ሰው ግን ይወደዋል። የተሳተፉበት ሰዎች በየተራቸው አልፈው፣ አቤኔዘርም ዘጠና ዓመት አልፎት ሲከተላቸው፣ በሕይወት የቀረው ጎማውን የሰረቀው ልጅ ብቻ ሆነ። ያ ልጅ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሚስቱን ቀብሯል፤ ልጅ አልወለደም። ኪሩቤል ይባላል።

የአቤኔዘር ድንኳን ከተነቀለ በኋላ የሠፈሩ ሰው ኪሩቤልን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። «ጋሽ ኪሩቤል፣ ሳሉ እንዴት ነው?» ይሉታል። «ተሽሎኛል፣ እግዜር ይመስገን» ሲላቸው ፊታቸው እንደ ጠፋ አምፖል ድርግም ይላል። አንዷ ጎረቤቱማ ደረጃ ሲወጣ ከኋላው ቆማ አተነፋፈሱን ታዳምጥ ነበር።

ኪሩቤል በዚህ አልተናደደም። እሱን የሚያብሰለስለው ሌላ ነው። በፊልሙ መሐል ሾፌሩ ልጁን ይይዝና ጆሮውን ይጎትተዋል። ልጁ የምር አለቀሰ። ማዶ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው እናቱ ቤዛ «ትወና ነው» ተብሎ ተነግሯት ነበር፤ ልጇ ሲያለቅስ ስታይ ግን ትወናው ከጭንቅላቷ ጠፋ። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እየሮጠች መጣች፤ «የማንን ልጅ ነው የምትነካው!» እያለች ሾፌሩን አናት አናቱን አለችው። አዘጋጁ ብልህ ሰው ስለነበር ካሜራውን አላጠፋም። የፊልሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው። ቤዛ በዚያው ዓመት ሞተች። ስትራመድ፣ ስትቆጣ የምትታይበት፣ ድምፅዋም የሚሰማበት ሌላ ቦታ በምድር ላይ የለም።

ደግሞ በሕግ ፊት እዚያም የለችም። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የሞተና ያልፈረመ ሰው እንዳልታየ ይቆጠራል ይላልና። በባለሥልጣኑ ዓይን በዚያ ትዕይንት ውስጥ ያለው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

ኪሩቤል በየለቅሶው እናቱን ያያት ነበር። በአቤኔዘር ድንኳን ግን አንድ ነገር አስደነገጠው። ባለሥልጣኑ ፊልሙ በወጣ ቁጥር የመውጫ፣ በገባ ቁጥር የመግቢያ፣ በተመረመረ ቁጥር የምርመራ ማኅተም ያትምበታል፤ ያውም በሥዕሉ ላይ። ድሮ ጥግ ላይ ይታተም የነበረው ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም ጥጉ ሲሞላ ወደ መሐል መግፋት ጀምሮ፣ የሾፌሩን ጆሮ በልቶ፣ የቤዛን ቀሚስ ጫፍ ይዟል። ቀጣዩ ለቅሶ ደግሞ የራሱ የኪሩቤል ነው፤ በዚያ ላይ እሱ ተመልካች አይደለም። ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው ባለመብት ሞቷልና ፊልሙ ወደ ዘላለም ጥበቃ ይገባል፤ በሩም አይከፈትም። እናቱን ዳግመኛ ሳያያት ሊሞት ነው።

ወደ ባለሥልጣኑ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ደምመላሽ ይባላል። በዚያ ዘመን ወላጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ማውጣት ጀምረው ስለነበር ሽማግሌዎቹ ናታንና ሶልያና፣ ልጆቹ አጥናፌና ደምመላሽ ሆነው ነበር። ደምመላሽ ኮሌታው የተተኮሰ፣ አነጋገሩም የተተኮሰ ልጅ ነው።

«ምን ልታዘዝ አባባ?»

«ፊልሜን ማየት ፈልጌ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

የደምመላሽ ፊት በራ። «እንግዲያው ጊዜው ሲደርስ ባለሥልጣኑ ሸራውን ራሱ ይዞ ለቅሶዎ ላይ ይገኛል። የመጨረሻ ባለመብት ስለሆኑ ልዩ መስተንግዶ ያገኛሉ።»

«እኔ አላየውማ!»

«ቤተሰብ ያየዋል።»

«ቤተሰብ የለኝም።»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤቴማ ቆሎውን ቆልቶ ጨርሷል።» ኪሩቤል ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «ላድሰው እሺ። እኔ አለሁ አይደል?»

«ይችላሉ። ከሌሎቹ ባለመብቶች ጋር በአካል ይቅረቡ።»

«ሞተዋል እኮ ነው የምልህ።»

«እሱ ያስቸግራል» አለ ደምመላሽ ከልቡ አዝኖ።

«እሺ፣ ማኅተማችሁን እንኳ ከሰው ፊት ላይ አንሱልኝ።»

«ማኅተሙ እኮ ነው ጥበቃው፣ አባባ። ማኅተም የሌለው ነገር ጠባቂ የለውም።»

ኪሩቤል ሲመለስ የዕድሩ ሊቀመንበር ሶልያና ግቢው በር ላይ አገኘችው። ሶልያና ከሱ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ምላሷ ግን ገና ሃያውን አልጨረሰም። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው። «አንተም ሞኝ ነህ። ለለቅሶ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው? ለተዝካርም ነው።»

«ተዝካርስ የሚወጣው ለሞተ አይደል?»

«ማን ነገረህ? ልጅ ያልወለደ፣ ወራሹን ያላመነ ሰው በቁሙ ያወጣ ነበር። አብልቶ አጠጥቶ፣ ‹ነፍስ ይማር› ሲባል በገዛ ጆሮው ሰምቶ ‹አሜን› ይላል። የቁም ተዝካር የአባቶች ወግ ነው፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። አዋጁ የቁም አይሁን አላለም። ማን ትዝ ብሎት!»

የንስሐ አባቱ ወጉ እውነት መሆኑን አረጋገጡለት። ማመልከቻው ገባ። ባለሥልጣኑ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ተንከራተተ፤ የሕግ ክፍሉ ለባህል ክፍሉ፣ የባህል ክፍሉ ለቴክኒክ ክፍሉ አስተላለፈው፤ እያንዳንዱም ክፍል ፊልሙን ከዋሻው አስወጥቶ መረመረ። ክረምቱ ሲወጣ ደምመላሽ ደወለ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ተፈቅዷል። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታለች። ሲስተሙ የሞት ቀን ካልገባለት ዋሻውን አይከፍትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለመዝገብ ያህል ይሞታሉ። ቀኑን ራስዎ መምረጥ ይችላሉ። ሐሙስ አለ፣ አርብ አለ።»

ኪሩቤል አሰበ። የሚያስበው ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ወጡ ነበር። «ሐሙስ ይሁን» አለ። «አርብ ጾም ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ኪሩቤል ሞተ። መጀመሪያ ያወቀው የሕንፃው በር ነው፤ አልከፈተለትም፤ ሕያው ጎረቤት እስኪመጣ ደጅ ቆመ። አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ «ባዶ ነኝ፣ ባዶ ነኝ» እያለ መጣራት ጀመረ፤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሰምተው ጭኑ ላይ ቁጭ ሊሉ ለጥቂት ተረፈ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ላለፈ ላገደመው «እንደምን አደሩ» የሚለው ድምፅ እሱ ሲያልፍ ጭጭ አለ። ጤና ጣቢያው ደግሞ በአቶ ኪሩቤል ዕረፍት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለራሱ ለኪሩቤል ላከለት፤ ከሐዘን መግለጫው ሥር የደም ግፊት ቀጠሮው መሰረዙ ተጽፏል።

ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ በጉ ታረደ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አደረሱ፤ ኪሩቤል ከፊት ተቀምጦ «ነፍሱን ይማር» በተባለ ቁጥር ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ። ለቅሶ ደራሹ ምን እንደሚለው ቸግሮት አንዱ «እግዜር ያጽናህ»፣ አንዱ «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። ሶልያና በዚህ በኩል «ለሟቹ ጠላ ጨምሩለት፣ ደረቀ!» እያለች ታዝዛለች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ተዝካር በጀሞ ሦስት ታይቶ አይታወቅም።

ከዚያ ደምመላሽ የታሸገ ሳጥን ይዞ ገባ። ግራጫውን ጆሮ ምሰሶው ላይ ሰቀለ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ሸራው በራ።

ሸራው ወይን ጠጅ ነበር። ሰው መጀመሪያ ገና አልተጀመረም ብሎ ጠበቀ። ድምፁ ግን መጣ፤ የታክሲው ሞተር ሲንተፋተፍ፣ ረዳቱ «ወያላ አትበለኝ!» ሲል ተሰማ። ሥዕሉ የለም። ማኅተም በማኅተም ላይ ተደርቦ፣ የሕግ ክፍሉ በባህል ክፍሉ ላይ፣ የባህል ክፍሉ በቴክኒክ ክፍሉ ላይ አትሞ፣ «ተጠብቋል» የሚል ክብ ክብ ብቻ ሞልቶበታል። በአንዱ ማኅተምና በሌላው መካከል የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ቀርታለች። በሷ ውስጥ አንዴ ጎማ፣ አንዴ የሾፌሩ አገጭ ብልጭ ይላል።

የኪሩቤል ልቡ መምታት አቆመ፤ መዝገቡ ሊደርስበት ምንም አልቀረው። የራሱ ማመልከቻ ነው። ለማየት በጠየቀ ጊዜ መረመሩት፣ ሲመረምሩ አተሙት፣ ሲያትሙ ቀበሩት። እናቱን በገዛ እጁ ያስቀበራት መሰለው።

የልጁ ለቅሶ ተሰማ። የገዛ ራሱ ለቅሶ ነው። «የማንን ልጅ ነው የምትነካው!» አለች ቤዛ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነው፤ ፊቷ የለም፤ አንገቷ የለም፤ ቀሚሷ የለም። በቀዳዳዋ ውስጥ አንዲት ነጠላ ጫማ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች፣ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች። ሕጉ እንዳለው ሆነ። ድንኳኑ ሳቀ፤ ወዲያው ኪሩቤል እንባውን ሲጠርግ አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ኪሩቤል ብድግ አለ። ሸራው ፊት ቆመ።

«አረንጓዴ ቀሚስ ነው የለበሰችው!» አለ። «ሻሿ ከኋላ ተፈትቷል። ስትሮጥ የቲማቲሙን መደብ በእግሯ መታችው፣ ያው አሁን ቲማቲሙ እየተንከባለለ ነው። አቤኔዘር እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ‹እትዬ፣ ፊልም ነው! ፊልም ነው!› ይላል። እሷ ደግሞ፣ ይኸው፣ እንዲህ!» ጫማውን አወለቀና አየሩን መታ። ጉልበቱ እስኪንቋቋ ጎንበስ ቀና አለ። ከድንኳኑ መሐል አንዷ «አዎ፣ ቲማቲሙ!» አለች፤ ሳቁም ተመልሶ መጣ።

ደምመላሽ ከመቀመጫው ተነሳ። «አባባ፣ እባክዎ ያቁሙ። ያልታደሰ ትረካ ነው።»

«ጆሮህ ምን ይላል?» አለው ኪሩቤል።

ደምመላሽ ወደ ምሰሶው ዞረ። ጆሮው ዝም ብሏል። ነካ ነካ አደረገው፤ ዝም ነው። የኪሩቤልን ስም በእጁ መሣሪያ ላይ ጻፈና ክሱን ሊያስገባ ሞከረ። መሣሪያው በትሕትና መለሰለት፦ «ግለሰቡ በሕይወት የለም። ሐዘናችንን እንገልጻለን።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊቀደድ ደረሰ። ኪሩቤል ግን አልሳቀም። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ ትረካውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ታክሲው ሦስት ጎማ ይዞ ካደረበት ሌሊት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሟቹ ኪሩቤል አፉን አልዘጋም። አውቶቡስ ላይ፣ ባዶ ነኝ የሚለው ወንበር ላይ ተቀምጦ «አራተኛው ጎማ»ን ይተርካል። ፀጉር ቤት ይተርካል፤ ዳቦ ወረፋ ላይ ይተርካል። እናቱ ጋ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል። ሕያዋኑ አፋቸውን ሸብበው ይስቃሉ፤ ሳቅ ገና እድሳት አልወጣለትም። ብዙም ሳይቆይ ሶልያና የቁም ተዝካሯን አወጣችና እሷም በመዝገብ ሞተች። በወጣትነቷ የሰማቻቸውን ያልታደሱ ዘፈኖች ሁሉ ታውቃለችና በቀጣዩ ሠርግ ላይ እንደ ሟች ሆና አወረደቻቸው፤ ሙሽራዋ በደስታ አለቀሰች። ከዚያ ጋሽ ናታን ሞተ፤ ከዚያ የሦስተኛ ፎቆቹ ባልና ሚስት ተያይዘው ሞቱ። የጀሞ ሦስት ሽማግሌ በሙሉ በመዝገብ አለቀ፤ ሠፈሩም እንደዚያ ጊዜ ጫጫታ በዝቶበት አያውቅም።

ባለሥልጣኑ ነገሩን አጠና። ጥናቱ ብዙ ስብሰባና ብዙ ምሳ ፈጀ። ሙት መክሰስ እንደማይቻል፣ ሙት ማስነሣትም ከሥልጣኑ ውጭ እንደሆነ ከተረዳ በኋላ የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረገ። ለኪሩቤል እንዲህ የሚል መልእክት መጣለት፦ «ክቡር ሟች፣ የሞትዎ የአገልግሎት ጊዜ ሊያበቃ ነው። በአካል ቀርበው ያድሱ። ካላደሱ በሕይወት እንዳሉ ይቆጠራል።»

ኪሩቤል ሞቱን ሊያጣ አልፈለገም። በማለዳ ሄደ። ከባለሥልጣኑ በር ጀምሮ ሟቾች ተሰልፈዋል፤ ከዘራ የያዙ፣ የልጅ ልጅ ያዘሉ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ሁሉም የሞት ማደሻ ወረፋ የያዙ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ቆመው ከሚሰለቹ ብሎ ኪሩቤል ጀመረ፤ ታክሲው፣ ረዳቱ፣ ሦስቱ ሸሚዞች። እናቱ ጋ ሲደርስ ጫማውን አወለቀና የባለሥልጣኑን በር በጫማው ሦስቴ ጠፈጠፈው። «የማንን ልጅ ነው የምትነካው!» አለ ወረፋው ባንድ ድምፅ።

መስኮቱ ተከፈተና ደምመላሽ አንገቱን አወጣ። ሁሉም ቁጣውን ጠበቀ። ደምመላሽ ወደ ኋላው ገልመጥ አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ጎማውን… መጨረሻ ላይ ያገኙታል?»

ኪሩቤል አየው። ይህ ልጅ ፊልሙን ተቀብሎታል፣ አትሞታል፣ ቆልፎበታል፤ አይቶት ግን አያውቅም።

«እሱን ለማወቅማ መሞት ያስፈልጋል፣ ልጄ» አለው። «ሕጉ የእናንተው ነው።»

ወረፋው ሳቀ። ደምመላሽ አልሳቀም። የኮሌታውን ቁልፍ ፈታ፤ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ከመስኮቱ የበለጠ ወጣ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ሐሙስ ይሻላል ወይስ አርብ?»

«ሐሙስ» አለው ኪሩቤል። «አርብ ጾም ነው።»